ሰማዩን አትክሰሱት፦ ስለ ግርዶሽ ትንቢት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ ረዥም ጽሑፍ እየዞረ ነው። የዕድራችን ግሩፕ ውስጥ አየሁት። የወላጆች ግሩፕ ውስጥም አየሁት። ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች ደግሞ ስልካቸው ላይ ይዘውት መጥተው «መምህር፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ በዓለም የሚሆነውን አስቀድሞ ይናገራል ይላል። በተለይ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ለአካባቢያችን ክፉ ነገር ይዞ ይመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ አለው።

ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። ብዙ ማንበባቸውም ያስታውቃል። እኔም በዚያው መንፈስ ልመልስላቸው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው ማስረጃቸው ታሪክ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1991 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ቱርክን አቋርጦ አለፈ፤ በስድስተኛው ቀን የኢዝሚት ርዕደ መሬት ከ17 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. እስያ ላይ ግርዶሽ ታየ፤ ወዲያው ኮሮና መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ አለፈ፤ በስምንተኛው ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ በጥቅምት ደግሞ ጦርነት ተነሣ። መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማይናማር በርዕደ መሬት ስትመታ ማግስቱን የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ከዚህ ቀጥለው የግርዶሹ ጥላ የወደቀበት አገርና ፀሐይ በዚያ ቀን የዋለችበት ኮከብ መከራው የማን እንደሆነ ያሳያሉ ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው ወደ ሳይንስ ይጠጋል። ጨረቃ ባሕርን ትስባለች፣ የሰውም አካል አብዛኛው ውሃ ነው፣ ምድርም ስንጥቅ አላት፤ ታዲያ እንዴት አይነኩም? አራተኛ፣ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ይላሉ፤ የሲዳማ አያንቶዎችን (ሰማይን ተመልክተው ቀን የሚቆጥሩ አዋቂዎችን)፣ የቤተ ክህነት ሊቃውንትንና ባቢሎናውያንን ይጠቅሳሉ። መጨረሻ ላይ ትንቢትና ምክር አለ። ከሐምሌው ግርዶሽ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት በቀይ ባሕር ዙሪያ ዙፋን ይናወጣል፣ በውሃና በድንበር ጠብ ይነሣል። ስለዚህ ከግርዶሹ ሁለት ሳምንት በፊትና ሁለት ሳምንት በኋላ መንገድ አትጀምሩ፣ ሠርግ አትደግሱ፣ ሱቅ አትክፈቱ።

የጠቀሷቸው ቀኖች ትክክል ናቸው። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ግርዶሾቹም ነበሩ፣ አደጋዎቹም ደርሰዋል። የምንለያየው ቀኖቹ ምን ያረጋግጣሉ በሚለው ላይ ነው።

ጸሐፊው ግርዶሽ የሚሠራበትን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት እስከ ስድስት ወር በኋላ አድርገው ወስደዋል። የጥቅምቱን ጦርነት ከሰኔው ግርዶሽ ጋር ማያያዝ የቻሉት በዚህ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የፀሐይና የጨረቃ ሲደመር በዓመት ቢያንስ አራት፣ ቢበዛ ሰባት ግርዶሽ አለ። የሚመጡትም በዘፈቀደ አይደለም። የግርዶሽ ወቅት በየ173 ቀኑ ገደማ ይመለሳል። 173 ቀን ደግሞ ስድስት ወር አይሞላም። ስለዚህ የአንዱ ግርዶሽ ስድስት ወር ሳያልቅ ሌላው ይተካል። በጸሐፊው አቆጣጠር ከግርዶሽ ውጭ የሆነ አንድም ቀን በዓመቱ ውስጥ የለም። እርስዎ የተወለዱበት ቀን ውስጡ ነው። ያገቡበትም፣ ሥራ የያዙበትም እንዲሁ። ሁሉንም ቀን የሚሸፍን ምልክት አንዱን ቀን ከሌላው አይለይም።

«እሺ፣ ስድስት ወሩ ይቅር፤ ቅርብ የሆኑትን ብቻ እንይ» የሚል ይኖራል። ጥሩ። ሰኔ 14 ግርዶሽ ሆነ፣ ሰኔ 22 ሃጫሉ ተገደለ። ስምንት ቀን። አሁን ሌላ ስምንት ቀን እንቁጠር። ጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ይህም ልክ ስምንት ቀን ነው። እንዲያውም ከስምምነቱ በኋላ በስድስተኛው ቀን ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ተከተለ። ሰላሙ በሁለት ግርዶሽ መካከል ነው የተፈረመው። ግርዶሽ ሰላም አመጣ ብሎ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም። ጸሐፊውም አላሉም። ለምን? ሞትና ጦርነት ሲሆን ሰማዩን እንጠይቃለን። ሰላም ሲሆን የተደራደሩትን ሰዎች እናያለን። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ብንመዝን ኖሮ ትንቢቱ ገና ከመጀመሪያው ይወድቅ ነበር።

ያንኑ የ2012 ክረምት ሐዋሳ ሆነን እናስታውሰው። በዚያው ሰኔ ወር ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። እዚህ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነው። በሐምሌ ደግሞ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ዙር ውሃ ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረ። ሁለቱም በጸሐፊው ስድስት ወር ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ለብዙ ሰው ደስታ ነበሩ። በጽሑፉ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም።

የኮሮናው ምሳሌ በራሳቸው መለኪያ እንኳ አያልፍም። በቻይናዋ ውሃን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የታወቁ ታማሚዎች የታመሙት በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ግርዶሹ ዲሴምበር 26 ነበር። በሽታው ግርዶሹን ከሁለት ሳምንትም በላይ ቀድሟል ማለት ነው።

አሁን ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉም ምሳሌዎቻቸው የሚበልጥ የምለውን ላንሣ። ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አንድ የፀሐይ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ተነሥቶ፣ በጋቦን፣ በኮንጎ፣ በኡጋንዳና በኬንያ አልፎ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደቡብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ሶማሊያ ላይ አበቃ። በማግስቱ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማሰር ጀመረች። በቀጣዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙ ቤት አለቀሰ። ከዚህ ደቡብ አካባቢ የሄዱም በውስጡ ነበሩ። ጥላው በአገራችን ላይ ወደቀ፣ መከራው በሕዝባችን ላይ፣ ያውም በአንድ ቀን ልዩነት። ሰባት ዓመት ቆጥሮ ደግሞ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነቱ ተጀመረ። ያው ቀን፣ ያው ወር።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን የሳዑዲው ቀን ከየት መጣ? ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ወራት ቀደም ብሎ በመንግሥት ውሳኔ ታውጇል። የተቆረጠውም በሂጅራ ዓመት መጨረሻ ነው። የሂጅራ ወር የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ስትወጣ ነው። የፀሐይ ግርዶሽም ሊሆን የሚችለው አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ግርዶሹና የዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ መዋላቸው ምሥጢር አይደለም። ሁለቱም የጨረቃን ዑደት ይከተላሉ። ቀኑን የመረጠው የሰው ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ያሰሩትም ሰዎች ናቸው። ሰባቱ ዓመት ደግሞ እኔ የመረጥኩት ቁጥር ነው። ሰባት ባይገጥም አሥር፣ አሥር ባይገጥም አሥራ ሁለት እሞክር ነበር። በየዓመቱ ከአራት እስከ ሰባት ግርዶሽ፣ በየሳምንቱ ትልቅ ዜና እያለ የሚገጥም ቁጥር አይጠፋም።

ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት አለኝ። ጦርነቱን የወሰኑት ሰዎች ናቸው። ያዘዙትም፣ የተዋጉትም፣ የሞቱትም ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ የሆነው ፀሐይ ስለተጋረደች ነው ካልን የምንጠይቀው ሰው አይኖርም። ልጁን ያጣ ወላጅ ፊት ቆሞ «ሰማይ ላይ ተጽፎ ነበር» ማለት እኔ አልችልም። ጸሐፊውም ይህን ለማለት አስበው የጻፉ አይመስለኝም። ጽሑፋቸው ግን እዚያ ያደርሳል።

ወደ ጥላውና ወደ ኮከቡ ልለፍ። ጥላው የወደቀበት አገር ነው የሚጎዳው ካልን፣ የራሳቸው የማይናማር ምሳሌ ይቃወማቸዋል። የመጋቢት 20 ቀን 2017ቱ ከፊል ግርዶሽ የታየው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ፣ በአውሮፓና በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ በኩል ነው። ማይናማር ላይ ጥላው አልደረሰም። በጥር 2002 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ሺህ ዓመት ውስጥ ረዥሙ የተባለው ቀለበታዊ ግርዶሽ፣ ከ11 ደቂቃ በላይ የቆየው፣ በጎረቤታችን ኬንያና በሶማሊያ አለፈ። ከዚያ በፊት በሦስተኛው ቀን ግን በርዕደ መሬት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ያለቀው ሄይቲ ነው፤ ከጥላው ውቅያኖስ ማዶ። ኬንያ በዚያው ዓመት በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። ቱርክንም እንያት። ከ1991ዱ የባሰው ርዕደ መሬት፣ ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው የጨረሰው፣ የደረሰው ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በቅርብ የነበረው ግርዶሽ ሦስት ወር ገደማ ቀድሞት ነበር። የ1991ዱ ጥላ ደግሞ ከቱርክ በፊት እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ጀርመንን፣ ሀንጋሪንና ሩማኒያን ነክቷል፤ ከቱርክ በኋላም ኢራንንና ሕንድን። ከነዚህ ሁሉ አንዷን መርጦ የቀሩትን መተው ማስረጃ አይሆንም።

ኮከቡስ? የሰኔ 2012ቱ ግርዶሽ በሸርጣን ስለዋለ ለእኛ ከባድ ነበር ይላሉ ጸሐፊው። የምዕራቡ ኮከብ ቆጠራ በእርግጥ ሸርጣን ነው የሚለው። የሕንዱ ኮከብ ቆጠራ ግን ያንኑ ግርዶሽ ገውዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም በሺህ ዓመት የሚቆጠር ታሪክ አላቸው። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። አገሮችን ለኮከቦች ያደለው አሠራር ደግሞ ከሞላ ጎደል የእስክንድርያው ቶለሚ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነው። አሜሪካ የሚባል አህጉር መኖሩን አያውቅም ነበር። የዛሬ ድንበሮችም አልነበሩም። ያንን ክፍፍል ዛሬ ባለው ካርታ ላይ መለጠፍ የግምት ግምት ነው።

ምልክቱ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ወደ አድዋ ይወስደኛል። የካቲት 21 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከጦርነቱ ሁለት ቀን በፊት፣ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ሙሉ አልነበረም፤ ግን አብዛኛው የጨረቃ ገጽ ተሸፍኗል። ሰዓቱ ሲሰላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ጨረቃ ከፍ ብላ የምትታይበት ጊዜ ነው። የምኒልክ ሠራዊትና የባራቲየሪ ጦር ከአንድ ሰማይ ሥር ሰፍረው ነበር። ያቺው ጨረቃ በሁለቱም ላይ ጠቆረች። ጸሐፊው ያን ማታ እዚያ ቢኖሩ ለማን ይተነብዩ ነበር? ኮከብ ቆጣሪው ሁለቱንም ውጤት ከዚያው ግርዶሽ ማውጣት ይችላል። ኢጣልያ ብታሸንፍ «ለኢትዮጵያ ክፉ ምልክት ነበር» ይባላል። ኢትዮጵያ ስላሸነፈች «ለኢጣልያ ክፉ ምልክት ነበር» ይባላል። ውጤቱን የወሰነው ግን ሌላ ነው። ከየአቅጣጫው የተሰባሰበው ሕዝብ፣ የተከማቸው ጠመንጃ፣ ስንቁ፣ የኢጣልያ ጦር በሌሊት ጉዞ ተነጣጥሎ መንገድ መሳቱ። ይህ ሁሉ በሰው እጅ የነበረ ነው። ለዚያም ነው አድዋ የእኛ ኩራት የሆነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የጨረቃ ስበት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ላስከብርላቸው። ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሰለፉ የባሕር ማዕበሉ ከፍ ይላል። ይህ ጫና በጣም ትልልቅ ርዕደ መሬቶች የመነሣት ዕድላቸውን በጥቂቱ ሊጨምር እንደሚችል ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን ይህ መሰለፍ የሚሆነው በግርዶሽ ቀን ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ አዲስ ጨረቃና በእያንዳንዱ ሙሉ ጨረቃ ነው። በዓመት ወደ 25 ጊዜ ማለት ነው። የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር በአምስት ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል አብዛኛውን ጊዜ ጥላዋ ከምድር በላይ ወይም በታች ያልፋል። አንዳንዴ ግን በትክክል ይገጥማል፤ ያኔ ግርዶሽ እንለዋለን። በግርዶሽ ቀን የሚጨመረው ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ አይስብም።

«የሰው አካል ውሃ ነው» ለሚለው መልሱ ከፊታችን ተኝቷል። የሐዋሳ ሐይቅ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጡትን ጠይቋቸው። ጨረቃ ስትሞላ ሐይቁ ወደ ዳር መጥቶ፣ ጨረቃ ስትጎድል ሸሽቶ አይተውት አያውቁም። የሐይቁ ከፍታ የሚለዋወጠው በዝናቡና በጥቁር ውሃ ወንዝ ነው። የባሕር ማዕበል የሚነሣው ውቅያኖስ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው። የጨረቃ ስበት በምድር አንዱ ጎንና በሌላው ጎን ስለሚለያይ ውሃው ይነሣል። ሐዋሳ ሐይቅን ያህል ውሃ ያላነቃነቀች ጨረቃ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለውን ውሃ አነቃንቃ ለጦርነት ታነሣሣለች ማለት አያስኬድም።

የምድር ስንጥቁ ነገር ግን እዚህ ለምንኖር ሰዎች ከባድ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለነው። ጸሐፊው በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣውን መንቀጥቀጥ ከመስከረም 22ቱ ግርዶሽ ጋር ያያይዙታል። ያ መንቀጥቀጥ ከምድር ሥር የቀለጠ ዐለት ወደ ስንጥቁ ሲገባ የመጣ ነው። ከባዶቹ ንዝረቶች የደረሱት በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ከመስከረም 22 እስከ መጋቢት 5 ድረስ ደግሞ በዓለም ላይ አንድም ግርዶሽ አልነበረም። የራሳችንንም እናስታውስ። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ አመሻሽ ላይ ሐዋሳ ተናወጠች። መጠኑ ከ4 ትንሽ የሚበልጥ ነበር፤ ድንጋጤው ግን ከዚያ በላይ ነበር፣ በሽሽት የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ግርዶሽ በመስቀል ዕለት ንጋት ላይ የታየው የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ አራት ወር ገደማ አልፎታል። ቀጣዩ ደግሞ ገና የካቲት 30 ነበር። ለሐዋሳ ሰው ስለ ርዕደ መሬት የሚጠቅመው ቤቱ በምን ብረትና በምን ሲሚንቶ እንደተሠራ መጠየቅ ነው። ግርዶሽ መጠበቅ ሐሳቡን ከዚህ ያርቀዋል፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

ስለ አባቶቻችን የተባለውን በአክብሮት ነው የማነሣው። አያንቶዎች ሰማይን ያውቃሉ። የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ። ጉዱማሌ ላይ በየዓመቱ የምንሰበሰበው እነሱ በቆጠሩት ቀን ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህ ዕውቀትም አብሮ ክብር አግኝቷል። አያንቶዎች ስለ መጪው ዘመን ምክር እንደሚሰጡም አልክድም። ግን በትውልድ ሁሉ ያስከበራቸው መቁጠራቸው ነው። የቤተ ክህነቱም እንዲሁ ነው። ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ቀመር፣ በአበቅቴና በመጥቅዕ የጨረቃን ዕድሜ አስልቶ ፋሲካን ያወጣል። ይህ ንጹሕ ሒሳብ ነው። በደብተራ ዘንድ የሚሠራው ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ሌላ ነው። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ ለ12 አካፍሎ ኮከቡን ያወጣል። ግርዶሽ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ጸሐፊው ሦስቱን አንድ አድርገው ለራሳቸው ሐሳብ ምስክር አቁመዋቸዋል።

ባቢሎናውያን በእርግጥ ግርዶሽን ለነገሥታት ዕጣ ይተረጉሙ ነበር። ይህ እውነት ነው። ከነሱ የተረፈን ግን የትርጉማቸው ሳይሆን የመዝገባቸው ነገር ነው። ግርዶሽ በ18 ዓመት ከ11 ቀን ገደማ እንደሚደጋገም ደርሰውበታል። በጭቃ ጽላት ላይ የጻፏቸው ቀኖች ዛሬ ሳይንቲስቶች የምድር ሽክርክሪት ቀስ በቀስ እየዘገየ መሆኑን እንዲለኩ ረድተዋል። በዚያ ዑደት የላሊበላው የሰኔ 14 ቀን 2012 ግርዶሽ ታላቅ ወንድም ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም. ፓሲፊክ ላይ ታይቷል። ታናሹ ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም. ይመጣል። ይህን ሁሉ ከዛሬ በእርግጠኝነት መጻፍ እንችላለን። የሰማይ ስሌት የአምስት ሺህ ዓመት ግርዶሾችን ዘርዝሯል፤ የፀሐይ ብቻ 11,898 ናቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ጥላው የሚያልፍበት ከተማ ሁሉ ይታወቃል። የጸሐፊው ትንቢት ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱ ያስደንቃል። «በቀይ ባሕር ዙሪያ ዙፋን ይናወጣል።» የትኛው አገር? የትኛው ወር? መናወጥ ማለትስ መውረድ ነው ወይስ ሰላማዊ ሰልፍ? በቀይ ባሕር ዙሪያ ስለ ውሃና ስለ ድንበር ጠብ ሊኖር እንደሚችል ለማወቅ የሬዲዮ ዜና መስማት ይበቃል።

ቀንና ቦታ ቆርጦ የተነበየ ሰው ነበር። ፈረንሳይ ይኖር የነበረው የልብስ ዲዛይነር ፓኮ ራባን በ1991ዱ ግርዶሽ ቀን የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ሚር ፓሪስ ላይ ይወድቃል ብሎ አወጀ። ቀኑ መጣ፣ ምንም አልወደቀም። ሚር የወረደው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ በባለሙያዎች ቁጥጥር፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ራባን ተሳሳተ፤ ግን መሳሳቱን ማየት እንድንችል አድርጎ ነው የተናገረው። ጸሐፊውም እንዲህ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ከሐምሌ 26 በፊት አንድ ወረቀት ላይ አገሩን፣ ክስተቱንና ቀኑን ይጻፉ። ከገጠመ በአደባባይ አመሰግናቸዋለሁ። ካልገጠመ ደግሞ ጽሑፉን ሼር ላደረጉት ሰዎች እንዲነግሩ እጠብቃለሁ።

የቀረው ምክሩ ነው። ከሁሉም የሚጎዳው እሱ ነው። ግርዶሽ ፈርቶ ነገር ያዘገየ ምን እንደደረሰበት ታሪክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት የአቴና ሠራዊት ሲራኩስን ለቆ ሊሸሽ መርከቡ ተዘጋጅቶ ነበር። የዚያን ማታ ጨረቃ ተጋረደች። ጠንቋዮቹ 27 ቀን ጠብቁ አሉ። ጄኔራሉ ኒክያስ ሰማቸው። በጥበቃው ጊዜ ጠላት ወደቡን ዘጋ። ሠራዊቱ አለቀ፣ ኒክያስም ተገደለ።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ፣ ጸሐፊው መንገድ አትጀምሩ ያሉት ከሐምሌ 12 ጀምሮ ነው። ሐምሌ 19 በዚያ ውስጥ ይወድቃል። ሐምሌ 19 ለዚህ ከተማ ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ሰው አይነገረውም። ለገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ ሰው ይጎርፋል። ፔንሲዮኑ ይሞላል፣ ባጃጁ እረፍት ያጣል፣ የዓሣ ሾርባ የምትሸጠዋ እናት የወሩን የቤት ኪራይ በዚያ ሳምንት ታገኛለች። በጽሑፉ ፈርቶ የሚቀር ሰው ቢኖር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሠርግ ለማዘግየት ያሰበ ክርስቲያን ቤተሰብም ይህን ይቁጠር፤ ከሐምሌ መጨረሻ ሲገፋ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ ሠርግ የለም። ድንኳን፣ አዳራሽና የተከፈለ ቀብድ ያለው ሰው ኪሳራው የራሱ ነው። ጸሐፊው አይከፍሉለትም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሰኞ ነው። ሙሉው ግርዶሽ ግብፅ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ከዚያ በጅዳና በመካ በኩል ወደ የመን ይወርዳል። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ከፊሉ ይታያል፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ። ልጆቼን ክፍል ውስጥ እያዘጋጀኋቸው ነው። ወላጆችም አንድ ነገር እንዲያግዙን እለምናለሁ። በ2012 ብዙ ሰው በራጅ ፊልምና በጥቁር መነጽር ሲያይ ነበር። ሁለቱም ዓይንን አያድኑም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ፈልጉ። ካልተገኘ ካርቶን በመርፌ ቀዳችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ በቀዳዳው አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ምስል አሳዩአቸው።